ቁልፍና ኮምጣጤ

መጋቢት ፩

ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ የከተማዋን ቁልፎች ተረከብሁ። አምስት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ስሾምም አምስት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከበዱኝ። ብረቱ ጨመረ ወይስ እጄ ቀነሰ?

አራቱ የቅጥሩ በሮች ቁልፎች ናቸው። ጠዋት ለበረኞች ይሰጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። አምስተኛው ትንሹ የማኅተሙ ሣጥን ቁልፍ ነው። እርሱ ሌት ተቀን ከሹሙ ወገብ አይፈታም።

የሹሙን ቤት ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ ዐረፍሁ። የግድግዳውን ቅርጽ የማደንቅ መስዬ... ጸሐፊው ቤንቬኑቶ ግን ነቅቶብኛል። ከጣሊያን ምድር የመጣ ሰው ነው፤ ዐይኑም ምላሱም ፈጣን።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፣ ጌታዬ” አለኝ ራት ሲቀርብ። “በራጉዛ ግን አፍ እስኪከፈት ወሩ ያልቃል።”

አልሳቅሁለትም። እውነቱን ነው ግን። ከተማችን ሹም የምትሾመው ለሠላሳ ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ሹሙ ለሕዝብ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት አይወጣም። ከሚስቱ ዘንድ አያድርም። የልጁ ሠርግ እንኳ ቢሆን በመስኮት ያያል። የገዛ ቤቴ ከዚህ መስኮት ሰማንያ ርምጃ ነው። ሚስቴ ስላቫ መብራት ስታበራ አየሁ።

ራት፦ በጨው የሰነበተ ዓሣ፣ ጎመን፣ ደረቅ በለስ። ጾም ነው።

መጋቢት ፪

የፓስኮ መርከብ ታየች።

ከሦስት ልጆቼ የተረፈልኝ እርሱ ብቻ ነው። ከሄደ ሰባት ወር። ከእስክንድርያ ቁንዶ በርበሬ ጭኖ ይመለሳል ብለን ስንጠብቀው ነበር። ጠባቂዎቹ ገና ሲከራከሩ ሸራዋን ያወቅኋት እኔ ነኝ። ደስታዬ ግን አንድ ሰዓት አልቆየም። በመንገዱ ውኃ የቀዳበት ወደብ ቸነፈር ገብቶበታል። ይህን የነገረን ራሱ ፓስኮ ነው፤ ከመርከቡ ላይ ሆኖ፣ ጮኾ። ሊደብቀው ይችል ነበር። አልደበቀም። የእኔ ልጅ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ቸነፈር ካለበት አገር የመጣ ሰው በመርካን ደሴት ሠላሳ ቀን ተለይቶ ወሸባ ሳይቀመጥ ወደ ከተማ አይገባም። እርሱን ወይም ዕቃውን የነካም ሰው ከነካበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ይቀመጣል። ሕጉ ሲጸድቅ የስምምነት ጠጠር ከጣሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ትእዛዙን ዛሬ በገዛ እጄ ጻፍሁ። 

ከሰዓት በኋላ ስላቫ ከመስኮቱ ሥር መጣች። እንደ ወትሮዋ በወጉ ነው የተናገረችው።

“ደኅና ዋሉ? ልጅዎ ደርሷል ይላሉ።”

“ደርሷል።”

“በዐይንዎ አዩት?”

“ሸራውን አየሁ።”

“ሸራውን...” አለችና ሄደች።

መጋቢት ፫

ነፋስ። ጉልበቴን አመመኝ።

መጋቢት ፭

ታናሹ ምክር ቤት ተሰበሰበ። ክሌመንት ሲነሣ ምን እንደሚል ዐውቅ ነበር። አብረን ተምረናል፤ በአንድ አለንጋ ተገርፈናል። ከእኔ ቀጥሎም የወር ሹም እርሱ ነው።

“ቁንዶ በርበሬውን ሊገዙ የመጡት የአንኮና ነጋዴዎች ወደቡ ላይ ተቀምጠው ዝንብ እያባረሩ ነው” አለ። “ሠላሳ ቀን አይጠብቁም። ቬኒስ ይሄዳሉ። ዐሥር ቀን ይበቃል፤ የታመመ ሰው ካለ በዐሥር ቀን ይታወቃል።”

“ሕጉ ሠላሳ ይላል።”

“ሕጉን ያወጣነው እኛ ነን፣ ቮልሶ።”

“ታዲያ እኛ ካልጠበቅነው ማን ይጠብቀው?”

“ልጅህ እኮ ነው!”

“ስለሆነም ነው።”

እሺ፣ ቢያንስ መልሕቅ የጣለበት ቀን ይቆጠርለት አለ። አይቆጠርም አልሁ። መምህራችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቀን ሲያስቆጥረን መነሻውን ቀን የቆጠረ ልጅ በመዳፉ ይከፍል ነበር። ክሌመንት መዳፉን ገልብጦ አየና ሳቀ። “አሁንም ያመኛል” አለ።

ስለዚህ ፓስኮ ሚያዝያ ፪ ይጨርሳል። እኔ መጋቢት ፴።

መጋቢት ፰

እንቅልፍ አጥቼ አደርሁ። ጠዋት ከመስኮቱ ቆሜ የጨው ጫኞችን አየሁ... ይህች ከተማ ምን አላት? እርሻ የላት። ከኋላዋ ድንጋይ፣ ከፊቷ የማይጠጣ ውኃ። ለሁሉ እንሰግዳለን። ለንጉሡ ግብር፣ ለሱልጣኑ እጅ መንሻ፣ ለቬኒስ ፈገግታ። ቬኒስ እኛን የሚያሰጥም መርከብ በአንድ ሳምንት ትሠራለች። ታዲያ ለምን አልጠፋንም?

የከተማችን ጠባቂ የቅዱስ ቭላሆ ማኅተም ያለበትን ጆንያ በእስክንድርያም ሆነ በአንኮና ማንም ፈትቶ አያይም። ቁንዶ በርበሬ ነው ካልን ቁንዶ በርበሬ ነው። ንጹሕ ነው ካልን ንጹሕ ነው። ኃይላችን ይኸው ነው፤ ሌላ የለንም። አያቶቼ ይህን ለመገንባት ሁለት መቶ ዓመት ፈጀባቸው። ለማፍረስ አንድ የታመመ ቀዛፊ ይበቃል።

ሌላም አሰብሁ። ሹም ለምን ሠላሳ ቀን ብቻ? ሰው ሥልጣን ይዞ ሳይበከል የሚቆየው ይህን ያህል ስለሆነ ነው። ከቸነፈር የሚጠራውም በሠላሳ ቀን። አባቶቻችን ቍጥር ያውቁ ነበር። ይህን ለቤንቬኑቶ ነገርሁት።

“እንግዲያውማ ጌታዬ፣ አባትም ልጅም ወሸባ ናችኋ” አለኝ።

ይህ ሰው አንድ ቀን በምላሱ ይሰቀላል።

መጋቢት ፲፩

ራድማን ቁልፎቹን አመጣ። የበረኞች አለቃ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያውቀኛል። ወሬ ሳያራግፍ አይሄድም።

“ገበያው ምን ይላል?” አልሁት።

“ምንም፣ ጌታዬ።”

“ራድማን።”

“አንዲት ዳቦ ሻጭ፣ ‘ልጁን ያገተው ውርሱን እንዳይጠይቀው ነው’ አለች። ሌላዋ ደግሞ፣ ‘የለም፣ ልቡ ድንጋይ ስለሆነ ነው፤ ቅጥሩ ሲታደስ የተረፈውን ነው ያስገቡለት’ አለች።”

“አንተስ?”

“እኔ አልሳቅሁም።” ቁልፎቹን አስቀመጠ። “ትንሽ ሳቅሁ።”

መጋቢት ፲፬

የቆሸሸ ሸሚዜን በቅርጫት አድርጌ በገመድ ከመስኮት አወርዳለሁ፤ ስላቫ የታጠበውን ታስቀምጥልኛለች። በየአራት ቀኑ። አርባ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን አሁን የሚያገናኘን ገመድ ሆነ።

“ክሌመንት የነገረኝ እውነት ነው?” አለችኝ ወደ ላይ እያየች። “አንድ ቀን ሊቀንሱለት ፈልገው እርስዎ እምቢ አሉ?”

“መነሻው ቀን አይቆጠርም።”

“አንድ ቀን ነው እኮ።”

“አንድ ቀን ዛሬ ለእኔ ልጅ ከተቀነሰ፣ ነገ ለክሌመንት ልጅ ሁለት ይቀነሳል።”

“ክሌመንት ልጅ የለውም” አለች።

 ቅርጫቱን ሳብሁ።

መጋቢት ፲፭

ዝናብ። የመርካን ጎጆዎች ጣራ ያፈሳል ሲባል ሰምቼ ነበር... ማን ነበር ያለው? ለካ እኔው ነኝ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በምክር ቤት። ጥገናው ለሚመጣው ዓመት ይደር ያልሁትም እኔው።

መጋቢት ፲፰

እኩለ ቀን ላይ አደባባዩ ባዶ ሳለ ስላቫ ጠራችኝ። ቅርጫቱን አወረድሁ። ሸሚዙን ስዘረጋ ከእጥፋቱ ደብዳቤ ወደቀ። የፓስኮ እጅ ጽሑፍ። ቆሜ አነበብሁት።

“እናቴ ሆይ፣ ከአራት ቀን ወዲህ ትኩሳት ይዞኛል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ከብብቴ ሥር እብጠት የለም፤ በየሰዓቱ እየዳሰስሁ አያለሁ። ሰዎቼ ፈርተውኛል። ውኃዬን በረጅም እንጨት ይገፉልኛል። አልፈርድባቸውም። ለአባባ አትንገሪ። ሕጉንም እኔንም ይዞ ይሠቃያል።”

ሁለተኛ ተቀምጬ አነበብሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከመርካን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ኮምጣጤ ውስጥ ይነከራል፤ የተነከረ ወረቀት ቀለሙ ይፈሳል፣ ይሸታል። ይህ ጥርት ያለ ነው። አይሸትም። እኔም በባዶ እጄ ይዤዋለሁ።

ወደ መስኮቱ ሄድሁ።

“ይህን ማን አመጣልሽ?”

“ስንቅ የሚያደርሰው ሚልኮ። ከደሴቱ፣ ደብዳቤ ከሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ አነሣልኝ፤ ጉትቻዬን ሰጠሁት።”

“ሌላ ማንን ነካሽ?”

“ማንንም። ከጀልባው ቀጥታ እዚህ ነኝ። ሸሚዙን ጠዋት ይዤው ወጥቼ ነበር።”

“ሚልኮስ?”

“ጀልባው ውስጥ ተኝቷል። ሚስት የለው፣ ቤት የለው።”

“ወደ ቤት ሂጂ” አልኋት። ለምን እንዲህ አልሁ? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አልሁ።

“ልሂድ? ገብቼ ሠራተኞቹን ልንካ? አንተ ነህ ሕጉን የምታውቀው። አንተ በል።”

አንተ! አርባ ስምንት ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራለች። በሁለት ልጆቻችን መቃብር ላይ እንኳ እርስዎ ነው ያለችኝ።

ሄዳ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መዳፏን ወደ ላይ፣ ምንም እንዳትነካ። ይህን ስጽፍም እዚያው ናት። አንዲት ሴት ልትስማት ስትጠጋ በእጇ ከለከለቻት። ሴትየዋ ተቀይማ ሄደች።

ማንም አያውቅም። ወረቀቱ ትንሽ ነው፤ ሻማም አለ። ስላቫ ቤቷ ትገባለች፣ ሚልኮ ስንቁን ያመላልሳል፣ እኔ የሹመቴን ወር እጨርሳለሁ። ቸነፈር ካልሆነ ማንም አልተጎዳም። ቸነፈር ከሆነስ? ሹሙ የነካውን ከደበቀ፣ ነገ የትኛውን ጆንያ ማን ያምናል?

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። በምክር ቤት ብናገረው ያምርልኛል። ግን ከቀትር ጀምሮ ከዐይኔ ያልጠፋው ጆንያው አይደለም። ረጅሙ እንጨት ነው።

መጋቢት ፲፱፣ በጀልባ

ትናንት ራድማን አራቱን ቁልፎች ይዞ ሲመጣ “ቁም” አልሁት። “ከደረጃው አትለፍ።”

“ምን አጠፋሁ፣ ጌታዬ?”

“አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። ክሌመንትን ጥራልኝ፤ ኮምጣጤ በገበቴ፣ የአንጥረኛ ጉጠትም አምጣ።”

ክሌመንት እያለከለከ መጣ። ከታች ሆኖ ሰማኝ።

“ዐበድህ? አቃጥለው። በርህን ዘግተህ ዐሥራ ሁለት ቀን ተቀመጥ። ሹም አይወጣም፣ ወሸባ አይወጣም፤ ሁለቱንም ሕግ ባንድ ወንበር ፈጸምህ ማለት ነው!”

ብልህ ሰው ነው። ድሮም ከእኔ ፈጣን ነበር።

“ሠላሳው ቀን ግን ዐሥራ ሁለት አይደለም” አልሁት። “እርስዋስ? ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ትክረም?”

ዞሮ አያት።

“የወር ሹም በወሩ መካከል ወርዶ አያውቅም፣ ቮልሶ። በመዝገብ የለም።”

“እንግዲያው ጻፉት።”

ትንሹን ቁልፍ ከወገቤ ፈትቼ ደረጃው ላይ አኖርሁት። ራድማን በጉጠት አንሥቶ ኮምጣጤው ውስጥ ከተተው። ኮምጣጤው በገዛ ካባው ላይ ተረጨ። ክሌመንት ቆቡን አወለቀ። ቤንቬኑቶም እንዲሁ። ቤቱን ቆልፈው እንዲያጥኑት አዘዝሁ። በባሕሩ በር ስወጣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፈኝ። ሌሊቱን ሦስታችን ከወደቡ ራቅ ብሎ በታሰረው ጀልባ አደርን።

አሁን ሚልኮ ይቀዝፋል። “ሠላሳ ቀን ሙሉ ያለ ሥራ መብላት! እናቴ በሕይወት ብትኖር ኰራችብኝ” ይላል።

ስላቫን ጠየቅኋት። “ፓስኮ ለእኔ እንዳትነግሪ ጽፎ ነበር። ለምን ላክሽልኝ? በቃል ብትነግሪኝ አነብ... እሰማሽ ነበር።”

ወደ ባሕሩ እያየች መለሰች። “በቃል ብነግርህ ሐኪም ልከህ ትቀመጥ ነበር። እንድታነበው አይደለም የሰጠሁህ። እንድትነካው ነው።”

“ሕጌን መጫወቻ አደረግሽው።”

“አርባ ስምንት ዓመት አስተማርኸኝ። እንዲህ ነው ተማሪ።”

መቈጣት ነበረብኝ። ደክሞኛል። በተጨማሪም... ትክክል ናት።

መጋቢት ፳

ረጅሙን እንጨት አየሁት። ከጎጆው ደጃፍ ተጋድሟል። ስላቫ በላዩ ተራምዳ ገባች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። የነካሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ ወዲያ የምጠብቀው ምንድን ነው? ግን ቆምሁ። እንዴት እንደሚገባ ረስቼ።

“አባባ? እርስዎ ነዎት?” አለኝ። ጺሙ አድጓል። ዐይኑ የእናቴ ዐይን ሆኗል።

“እኔ ነኝ።”

“ማን ፈቀደልዎ?”

“ማንም። ሕጉ አዘዘኝ።”

ገባሁ።

መጋቢት ፳፪

መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ላብ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ከውጭ ይሰማል። ስላቫ ጨርቅ ትነክራለች፤ እኔ ገበቴውን እይዛለሁ። ሌላ የምችለው ነገር እንደሌለ ታወቀ። ብብቱን ዳሰስሁ። የለም። እንደገና ዳሰስሁ።

ጣራው ያፈሳል። ከራስጌው አጠገብ።

መጋቢት ፳፬

ዛሬም በዚያው ሰዓት ያዘው። ሚልኮ በበሩ ብቅ ብሎ አየው።

“አንድ ቀን ዘልሎ በሰዓቱ ነው የሚመጣው?”

“አዎ።”

“ይህማ ወባ ነው። ጨው ስንዝቅ እኔንም ሁለት ክረምት ጥሎኛል። ቸነፈር ቀጠሮ አያከብርም።”

ማመን እፈልጋለሁ። ስላቫ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እጄን አኖርሁበት። አላወረደችውም።

መጋቢት ፳፯

ትናንት ትኩሳቱ ሳይመጣ ቀረ። ዛሬ ተቀምጦ የዓሣ መረቅ ጠጣ። ከዚያ በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

“አባባ፣ እኔ በሚያዝያ ፪ ነበር የምጨርሰው። አይደለም?”

“ነበር።”

“እርስዎና እናቴ ግን ደብዳቤውን የነካችሁት መጋቢት ፲፰ ነው። ከእናንተ ጋር ደግሞ ከአንድ ገበቴ በልቻለሁ...”

አሰብሁት። መነሻው ቀን አይቆጠርም። ሚያዝያ ፲፰። የነካና የተነካ ሁሉ ዘግይቶ ከጀመረው ጋር አብሮ ይቆጠራል፤ ሐረጉን ወደ ሕጉ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ሐረግም ኰርቼ ነበር።

“ሊጠይቁኝ መጥተው አሰሩኝ ማለት ነው” አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ግን ሳቅ ነበር። ስላቫም ሳቀች። እኔ... አልሳቅሁም። ትንሽ ሳቅሁ።

መጋቢት ፳፱

ቤንቬኑቶ ከአዲሱ ስንቅ አመላላሽ ጋር መጣ። ከሩቅ ሆኖ ይጮኻል። ራድማን ካባውን አላጥብም ብሏል፤ ኮምጣጤው ለታሪክ ይቆይ ይላል። ዳቦ ሻጮቹ ዝም ብለዋል። ከአንኮና ሰዎች ሁለቱ ሄዱ። ሦስተኛው፣ ሽማግሌው፣ ተቀመጠ። “ሹሙን ወሸባ የሚያስገባ ከተማ ጆንያውን ፈትቼ አላይም፤ እጠብቃለሁ” አለ ይላል። ቤንቬኑቶ ያጋንናል። ግማሹን አመንሁ።

“ጌታዬ፣” ብሎ ጮኸ ሊሄድ ሲል፣ “ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት እውነት ነው?”

“ጣራው ብቻ!” አልሁት። “ለክሌመንት ንገረው። ለሚመጣው ዓመት አይደር።”

መጋቢት ፴

ዛሬ የሹመቴ ወር ባለቀ ነበር። ቀይ ካባውን አውልቄ፣ ንግግር አድርጌ፣ ሰማንያ ርምጃ ተራምጄ ቤቴ እገባ ነበር።

ፓስኮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰዎቹ ቀርበው ያወሩታል። ረጅሙን እንጨት ሚልኮ ትናንት ሰብሮ አነደደው።

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ራድማን ቁልፎቹን በሚያመጣበት ሰዓት፣ እጄ ከልማድ ወደ ወገቤ ሄደ። ስላቫ አየችኝ።

“ምን ትፈልጋለህ?”

“ቁልፍ።”

ሦስት ሽንኩርትና ቢላዋ ሰጠችኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሽንኩርት ልጬ አላውቅም። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ሁለተኛው ይሻላል።